የበዝባዧ ሰማያዊ ቀሚስ

ሐምሌ 1 ቀን 1976 ዓ.ም. እሑድ

ጣሪያው እንደገና አፈሰሰ። በዚህ ሳምንት ያላፈሰሰ ነገር ቢኖር የእኔ አፍንጫ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛሬ ጀመረ።

እትዬ ወርቅአፈራሁ "ሳጥኑ! ሳጥኑን!" እያሉ ጮኹ። የአባቴ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ቤቱ ቢቃጠል ግን መጀመሪያ የሚያወጡት እኔን ሳይሆን ያንን ሳጥን ነው። ይህን ደብቀውኝ አያውቁም። እየጎተትን ከሚያፈሰው ጥግ አወጣነው። ከሥሩ ረጥቧል። ስለዚህ ከነአካቴው ተከፈተ፤ እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሲከፈት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ለካ እትዬ እኔ ሳላውቅ ሌላ ሰው ነበሩ። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት። ፊት ላይ መረብ የሚጥል ጥቁር ባርኔጣ። የሉል ሐብል። የሟቹ ባላቸው የፊታውራሪ ወልደ ሚካኤል ካባ፣ ጥቁር ከፋይ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ከሁሉም በታች ደግሞ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ፣ ከወገብ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ።

ፎቶዎችም አሉ። እትዬ ወጣት ናቸው፣ ሞላ ያሉ ናቸው፣ በሁሉም ላይ አገጫቸውን ቀና አድርገዋል። ከአጠገባቸው ግን ሰው የለም፤ መቀስ የገባበት ጎዶሎ ነው ያለው። ፊታውራሪ የምክር ቤት አባል ነበሩ። በስድሳ ሰባት ታስረው፣ ከተፈቱ በኋላም ብዙ አልቆዩም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ቤት ለቤት ሲፈተሽ እትዬ ከየፎቶው ላይ ቆርጠው አወጧቸው። በአንዱ ላይ ብቻ ባለቤት የሌላት እጅ ቀርታለች፣ እትዬ ትከሻ ላይ።

"ይቺን መቀሱ አልደረሰባትም?" አልኳቸው።

"ደርሶባት ነበር" አሉና ፎቶውን ገለበጡት።

ቀሚሱን ለበስኩት። እስከ ዛሬ ትከሻ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እኔ የድሮ ሥርዓት ናፋቂ አይደለሁም፤ አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ የሚናፍቀኝ ርስት የለኝም። ግን ይህን ቀሚስ የሰፋው ሰው አንዲት ሴት አስቦ ነው የሰፋው። የዘንድሮን ልብስ የሚሰፉት ሕዝብ አስበው ነው።


ሐምሌ 4

ችኮላ ላይ ነኝ። ሜክሲኮ ያለው ቢሮአችን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሁላችንንም ካኪ አስለካን፤ ታይፒስቶቹም አልቀረንም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ ሳያደርግ ቁጥር ጻፈ።

"ሳትለካ?"

"እህቴ፣ ለአብዮት ወገብ አያስፈልግም" አለኝ።

ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን አልገባኝም። ለእሱም የገባው አይመስለኝም።


ሐምሌ 8፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። መገኘት በፈቃደኝነት ነው፤ ያልተገኘ ስኳር አያገኝም።

ሊቀመንበራችን ጓድ ሸዋንግዛው ሲናገር በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተረከዙን ያነሳል፤ አራት ነጥብ የሚያደርገው በእግሩ ነው። እሱና ባለቤቱ ጓድ ደሚቱ የሚኖሩት በእኛው ግቢ ነው። በእኛ ማለቴ ድሮ በእትዬ። ከትርፍ ቤት አዋጁ ወዲህ ለእኛ የቀሩት ኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ዋናው ቤት የእነሱ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሲላጭ እትዬ በመስኮት ያዩታል። "ያንን ሸክላ ከጣሊያን አገር ነው ያስመጣነው፤ ሳሙና ያፈስበታል" ይላሉ። ይህን ለእኔ ነው የሚሉት፤ ለእሱ አይሉትም።

ለበዓሉ ድራማ ይታያል። ርዕሱ "የጨቋኟ እመቤት ፍጻሜ" ነው። ደራሲው ራሱ ሊቀመንበሩ ስለሆነ ሁላችንም ግሩም ነው አልን።

"ለእመቤቲቱ የሚሆን ፊት ያለው ማነው?" ሲል፣ የሴቶች ማኅበሩን የምትመራው ደሚቱ ሳታመነታ ወደ እኔ ጠቁማ "ወይንሀረግ ናት" አለች። "እንደምን አደራችሁ ስትል እንኳን ገባር የምታባርር ነው የምትመስለው።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ልብሱን ከመጋረጃ እናዘጋጅ ሲባል ግን "መጋረጃ ምን ያደርጋል፣ እቤት እውነተኛው እያለ!" አልኩ።

አፌ። ከዚህ አፍ ጋር ተጣብቄ መወለዴ።


ሐምሌ 11

እትዬ ከእሑድ ጀምሮ ዘግተውኝ ነበር። ዛሬ አንድ ቃል ተናገሩ።

"ተራመጂ።"

ቀሚሱን አልብሰው ከአልጋው እስከ በሩ አመላለሱኝ።

"ውሃ እንደምትቀጂ አትሂጂ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ የእውነት ውሃ ቀጂ ነኝ።"

"ቀሚሱ ይህንን አያውቅም።"

ጀርባዬ ተላቀቀ። እሳቸው ግን ራት ላይ ብቻቸውን ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ምን እንዳሳቃቸው ስጠይቃቸው "በርበሬው በዛ" አሉ።


ሐምሌ 15፣ እሑድ

ልምምድ። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ ቱሉ ገባር ሆኖ ይንበረከካል፣ እኔ በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። ይቅርታ እየጠየቅኩት ነው የምገፋው። "ጓድ ወይንሀረግ፣ በዝባዥ ይቅርታ አይጠይቅም!" ተባልኩ።

ልምምዱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ተልኳል። ፈቃደ ይባላል፤ አብነት ፎቶ ቤት አለው። ረጅም ነው። ስለ እሱ ከዚህ የተለየ የሚጻፍ ነገር የለም።

ጣቶቹ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት በልዘዋል። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ የለም።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ድሮ ሐይቅና ዳክዬዎች የተሳሉበት ሸራ ነበረው። ዳክዬዎቹ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ አላቸው ተብሎ ትራክተር እንዲያስልበት ታዘዘ። "ቀለሙ ግን ስስ ነው" አለኝ። "ክረምት እርጥበት ሲገባው ዳክዬዎቹ በትራክተሩ ላይ ብቅ ይላሉ።"

የቱሉን አንድ አነሳ። የእኔን ስንት እንዳነሳ አልቆጠርኩም። ስለ ፊልም ብክነት ለሊቀመንበሩ መናገር ይገባ ነበር፤ ግን የእኔ ሥራ አይደለም።


ሐምሌ 22፣ እሑድ

ሊቀመንበሩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንደወጣ ደሚቱ በራችንን አንኳኳች።

"ለድራማው የሚውለውን አልባሳት ልመርምር ነው የመጣሁት።"

እትዬ ወንበር ሰጧት። ጓንቱን መረመረች። ባርኔጣውን መረመረች። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ በሆነ ድምፅ "እንዴት ነው የሚደረገው?" አለች።

"ወደ ጎን" አሉ እትዬ፣ ራሳቸው ተነስተው አደረጉላት። "ቀጥ ብሎ ከተደረገ ድስት መክደኛ ነው።"

ሞላ ያለችው ደሚቱ መስታወት ፊት ቆመች። ይህች ሴት በየሳምንቱ ስለ ጭቆና ስትጮህብን ድምፅዋን እሰማለሁ እንጂ ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። ጉንጯ ላይ ስርጉድ አላት! ደጋግማ ወደ በሩ እያየች፣ "ያ ፎቶ አንሺ... ሰው ነው? ማለቴ፣ ምላሱ?" አለችኝ።

ፈቃደን ልጠራ አብነት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ነበር፤ ግን በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው።


ሐምሌ 29፣ እሑድ

ደሚቱ ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገረችው። ያቺ ሴትም ለአንዲት ብቻ።

ዛሬ ከውይይት ክበብ በኋላ ቤታችን ሞላ። ጎረቤታችን ነፊሳ፣ የዳቦ ቤቷ ገንዘብ ተቀባይ፣ ሌሎችም። እትዬ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይዳኛሉ። "አንቺ ይህን አትልበሺ፤ ከሆስፒታል የወጣሽ ትመስያለሽ።" "አንቺ ሐብሉን ውሰጂና ሌላውን ተይ፤ አንገት ያለው ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?" ነፊሳ ካባውን ደርባ "እኔን እንዲህ ሆኜ አማቴ ባየችኝ!" ትላለች። ማንም ስለ ስኳር አላወራም። ማንም ስለ ሰልፍ አላወራም።

ፈቃደ መስታወት አስይዞኝ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ሴቶቹ እንድመልስ አደረገ።

"እያዞርሽው እኮ ነው። ብርሃኑ ራስሽ ላይ አረፈ" አለችኝ ነፊሳ። እኔም "ፈቃደ፣ ብርሃኑ እኔ ላይ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፣ ከካሜራው ሳይነሳ።

ክፍሉ ሞቃት ነበር። ሰው ስለበዛ ነው።


ነሐሴ 3

ፎቶዎቹ ታጥበው ተሰጡ። ነፊሳ የእሷን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የማርክስ ሥዕል ጀርባ ደበቀች። "ጺሙ ሰፊ ነው፣ ይሸፍናል" ትላለች።


ነሐሴ 6፣ እሑድ

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልዘርግፈው።

ፍልሰታ ስለሆነ አዳራሹ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ከከፍተኛው የመጣው ተወካይ ከፊት ተቀምጧል፣ እስክሪብቶ ይዞ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። እትዬ ሐብሉን አስተካክለው "አንቺን አይደለም የሚያዩት፣ ስለዚህ አትፍሪ" አሉኝ። ማበረታቻቸው እንዲህ ነው።

ወጣሁ። እንደተማርኩት ተራመድኩ። አዳራሹ መጮህ ነበረበት፤ ተለማምዷል። አልጮኸም። ሐሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ቱሉ ተንበርክኮ "እመቤቴ ይማሩኝ" ማለት ሲገባው ቀና ብሎ አየኝና "እመቤቴ... ኧረ ሲያምር" አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ማን ያቁመው! አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሱኝ፤ እኔም አፈር ልብላ፣ አጸፋውን እጅ ነሳሁ። መፈክር አውጪው በድንጋጤ "ጨቋኟ እመቤት ትውደም!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ "ትውደም!" አለ። ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ጨመረበት፦

"ልብሷ ሳይነካ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የከፍተኛው ተወካይ እስክሪብቶውን ከደነ። ሊቀመንበሩን አየሁት፤ ተረከዙ መሬት ነው፣ ንቅንቅ የለም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።


ነሐሴ 7

ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ሳጥኑን ወሰዱ። ለቀበሌው የጭቆና ኤግዚቢሽን ይውላል ተብሏል። እትዬ ከወንበራቸው አልተነሱም። "ባርኔጣው ላይ ምንም አትጫኑበት" ብቻ አሉ።

ፎቶዎቹን ትተውልናል። የተቆረጠ ሰው ለኤግዚቢሽን አይሆንም።

ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ወለሉ ነጣ ብሏል። እትዬ መጥረጊያ ይዘው ያንኑ ቦታ ደግመው ደጋግመው ይጠርጋሉ። እኔ ነኝ። እኔና አፌ ነን።


ነሐሴ 10

ግለሂስ አቀረብኩ። ተነስቼ፣ "ውበቴን ለሰፊው ሕዝብ ጥላቻ በበቂ ሁኔታ ባለማዋሌ ራሴን እሂሳለሁ" አልኩ። ፈገግ አላልኩም። ማንም አልሳቀም። ከኋላ ረድፍ ግን አንድ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ሊቀመንበሩም አየው።

"ጓድ ፈቃደ። በዚያ ልብስ ያነሳኻቸው ሰዎች እንዳሉ ደርሰንበታል። ኔጋቲቮቹን አቅርብ።"

"ብርሃን ገባባቸው ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሁሉም ላይ?"

"ብርሃን አይመርጥም ጓድ።"

አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሴቶች በሙሉ ወለሉን ያዩ ነበር። ደሚቱም።

ይህን ሰው ማን ጀግና ሁን አለው? አንዱን እንኳን ቢሰጥ፣ የእኔን ቢሰጥ፣ ምን ነበረበት። ደደብ። ረጅም ደደብ።


ነሐሴ 19

ከቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ታወቁ። ፈቃደ አለበት። ነሐሴ 28 ይሄዳሉ። ወሬ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ቢሮ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መታሁት። አለቃዬ "የት ነው ያለሽው?" አለኝ።

እትዬ፦ "ምሳሽን አልበላሽም።"

"ጾም ነው" አልኳቸው።

"ጾሙ እኮ ተፈታ።"


ነሐሴ 24፣ ሐሙስ

ቢሮ ጉርድ ፎቶ ሊጠይቀን ይችላል ብዬ ከሥራ በኋላ አብነት ሄድኩ። አዎ፣ ባለፈው ሳምንትም ሄጃለሁ። ጉርድ ፎቶ ይጠፋል።

ፈቃደ ዕቃውን በካርቶን እያሰረ ነበር። ምን እንዳወራን አልጽፍም፤ ብዙም አላወራንም። በሩ ሲንኳኳ በመስታወቱ አየ፣ ክንዴን ይዞ ከሸራው ኋላ ከተተኝ። የያዘኝ ቦታ አሁንም ይሞቀኛል፤ ጠንክሮ ስለያዘኝ ይሆናል።

የገባው ጓድ ሸዋንግዛው ነው። ብቻውን፣ ከረጢት ይዞ።

"በሩን ዝጋው" አለ። "ለታሪክ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ፈልጌ ነው። ጭቆና በሰው ገላ ላይ ምን እንደሚመስል።"

ከከረጢቱ ውስጥ የፊታውራሪን ካባ አወጣ።

እጄን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሸራው ላይ ቀዳዳ አለ፤ ትራክተሩ ጎማ ላይ። በዚያ አየሁት። ካባውን ሲደርብ አወቀበት ማለት አይቻልም፣ የአልጋ ልብስ እንደሚደርብ ነው የደረበው። ፈቃደ ጠጋ ብሎ ትከሻው ላይ አስተካከለለት። ሰውየው ቀና አለ። ተረከዙን አላነሳም። ምንም አልፎከረም።

"አባቴ" አለ ቆይቶ፣ "እንዲህ የለበሰ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዳር ወጥቶ ቆቡን አውልቆ ነበር የሚያሳልፈው። ዝናብም ቢሆን። እኔ እጁን ይዤ።"

ፈቃደ "አገጭዎን ትንሽ ቀና" ብቻ አለ፣ በእርጋታ።

ይህን ሰውዬ ስንት ወር እንደጠላሁት! ለደቂቃ ያህል መጥላቱ ጠፋብኝ፤ ፈልጌ አጣሁት።

ሲያበቃ "ትልቅ ይሁን፣ በከለር" አለ።

"ከለሩን በእጅ ነው የምቀባው ጓድ። የወርቅ ክሩን ብቻ ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጃል። እኔ ደግሞ ሰኞ ነው የምሄደው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"ሌላ የሚቀባ ሰው የለም?"

"አለ፣ ፒያሳ። ጎበዝ ነው። ወሬ ይወዳል እንጂ።"

ሊቀመንበሩ ካባውን አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ሲወጣ ደህና ዋልም አላለም።


ነሐሴ 28፣ ሰኞ

ሄዱ። ፈቃደ አልሄደም። "ለአሥረኛው ዓመት በዓል ፎቶግራፍ አንሺነት በአስቸኳይ ተፈልጎ" ነው የቀረው።

ቱሉ ሄደ። ስሙ ቀድሞ አልነበረም። እናቱ አንዱ ጫማቸው ወልቆ በካልሲ ጭቃ ውስጥ ቆመው ነበር። አውቶብሱ መስኮት ላይ ሆኖ እያየኝ "እመቤቴ ይማሩኝ!" ብሎ ጮኸ፣ እየሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

በፈቃደ ቦታ ማን እንደተተካ አልጠየቅኩም። ፈቃደም አልነገረኝም።


ጳጉሜን 3

ፈቃደ ከካባው ፎቶ ላይ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ቀባ። በአንድ ፀጉር ብሩሽ ነው የሚቀባው የሚመስለው።


ጳጉሜን 5

የቀባትን ቁልፍ አጠፋት። "ቢጫዋ አልተመቸችኝም" ይላል። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይበልጥ ያዘግየው።


መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ሰልፍ። ካኪ እስከ ዓይን ጥግ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እኔ መስላኝ ደነገጥኩ። እግሬ ሞቷል፣ ተኛሁ።


መስከረም 20፣ እሑድ

እትዬ ኤግዚቢሽኑን ካላየሁ አሉ። "ምን ያደርግልዎታል?" ብላቸው "ቤተሰብ ልጠይቅ ነው" አሉኝ።

ወረፋው እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ወጥቷል። ጭቆናን ለመጥላት እንዲህ የሚጓጓ ሕዝብ አላየሁም። ከፊታችን ያሉ ሁለት ሴቶች ባለፈው እሑድም መጥተው ነበር። አንድ ሰውዬ ከደሴ በኩል መምጣቱን፣ እዚያ ስላለው ረኃብም ማውራት ጀመረ፤ ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፣ እሱም ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠለ። ዝናቡ ግን አባርቷል።

ከቀሚሱ በላይ "ከሰፊው ሕዝብ ደምና ላብ የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል።

"ከሕንዱ ሱቅ ነው የገዛሁት" አሉ እትዬ። ባርኔጣው እንጨቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጃቸውን ሰደዱ።

"እማማ፣ አይነካም!" አለ ጠባቂው።

"ጭቆና እንኳን ሲሆን በወጉ ነው" ብለው ወደ ጎን ደፋ አደረጉት። ጠባቂው አየው፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አየው፣ ተወው።

 ካባውን ከቀሚሱ አጠገብ ነው ያቆሙት፣ ትከሻ ለትከሻ። እትዬ እዚያ ፊት ብዙ ቆሙ፤ ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

"ጎን ለጎን አደረጓቸው" አሉኝ። "እኔ እንኳን ያልቻልኩትን።"

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘው ሄዱ። እትዬ የሰው ክንድ አይዙም።


መስከረም 29

የቱሉ እናት ፎቶ ቤት መጡ። የልጃቸው ፎቶ የላቸውም፤ ይኖርህ ይሆን ብለው ፈቃደን ጠየቁት። አንድ አለው፣ የልምምዱ። ቱሉ ተንበርክኮ፣ የእኔ እግር ጎኑ ላይ።

ፈቃደ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ከደረት በላይ ያለውን ብቻ አጥቦ ሰጣቸው። ሳንቲም አልተቀበለም። እሳቸውም ፎቶውን ስመው "ወደ ማን ነው ቀና ብሎ የሚያየው?" አሉ።

 ልናገር የሚገባኝ ጊዜ ላይ አፌ የት ሄደ?


ጥቅምት 9

የሊቀመንበሩ ፎቶ አለቀ። ከዚህ በላይ ማዘግየት አይቻልም ነበር፤ ክሩ አለቀ፣ ጥልፉም አለቀ፣ ጥፍሩ እንኳን ተቀብቷል። መጥቶ አየው። ጠጋ ብሎ "ጉንጬ ላይ ትንሽ ቀላ ብታደርገው" አለ።

ሌላ አውቶብስ ይመጣል ይባላል። ፈቃደ ግን ከሰኞ ጀምሮ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆኖ ተመድቧል። ማን እንዳስመደበው አልተጻፈም።


ጥቅምት 18፣ እሑድ

ሽማግሌ መጣ። እኔ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ቤቱን የጠረግኩት ስለቆሸሸ ነው፤ ፀጉሬንም የተሠራሁት ጊዜው ስለደረሰ ነው።

የፈቃደ አጎት አቶ ጴጥሮስ ከፊት፣ ከኋላቸው፣ በካኪ፣ ሊቀመንበራችን ጓድ ሸዋንግዛው። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል መቆም አለበት። እትዬ ቶሎ አላሉም። ሰውየው በነጠቀው ቤት ጓሮ፣ በጠባቧ ክፍላችን ውስጥ፣ እጁን አጣምሮ ሲቆም እሳቸው የሻሻቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

"ተቀመጡ" አሉ በመጨረሻ። "አቶ ሸዋንግዛውም ይቀመጡ።"

"ጓድ" አለ እሱ፣ በዝግታ።

"እሺ አቶ ጓድ።"

አቶ ጴጥሮስ ነገሩን በወጉ አቀረቡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አሉ እትዬ። "ምላሱን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ልጄ ይህ ይጎድላታል። እሰጣለሁ። ግን ልጄ በካኪ አትዳርም።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ ያ ቀሚስ የሕዝብ ንብረት ሆኗል።"

"ሕዝብ ለአንድ ቀን ያውሰና።"

"የጭቆና ምልክት ነው።"

"ታዲያ ለሠርግ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?"

አቶ ጴጥሮስ ሳሉ፤ ሳል አልነበረም። ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አየ። የሚያፈስበትን ጥግ አየ። ተረከዙን አነሳ፣ መለሰ።

"ለአንድ ቀን" አለ። "ጣሪያውንም... ሰው እልካለሁ።"


ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። እጄ ጽሑፍ አይጽፍም፤ ይህቺን ብቻ።

ቀሚሱን ያመጣችው ራሷ ደሚቱ ናት፣ በነጠላ ጠቅልላ። "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ ሳመችኝ፣ ተቀመጪ ብንላት አልተቀመጠችም። ዓይኔን አላየችኝም።

ለበስኩት። ሰፋኝ። ሐምሌ ላይ ልክክ ያለልኝ ቀሚስ ወገቤ ላይ ሁለት ጣት ያስገባል። ከሲታ ሆንኩ ብዬ ደነገጥኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት። የግራና የቀኝ ጎኑ ስፌት ተፈቷል፤ ጨርቁ በሁለቱም በኩል ተለቆ፣ በሌላ ክር፣ በጥንቃቄ፣ ባማረ እጅ እንደገና ተሰፍቷል። ብብቱ ላይም አሸተቱት።

"ኤግዚቢሽን ላይ ያለ ቀሚስ ማን ያሰፋዋል?" አልኩ።

እትዬ በመስኮቱ ወደ ዋናው ቤት አዩ። የእዚያ ቤት መጋረጃ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል፣ መፈክር አይደለም፣ የዳንስ ሙዚቃ ነው።

መቀስ አነሱ፣ ክሩን ሊፈቱ። የመጀመሪያዋን ስፌት ያዟት። ያዟትና ቆዩ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጡ።

"እስፒል አምጪ፣ በእሱ እንይዘዋለን።"

"ስፌቱን አያጠብቡትም እንዴ እትዬ?"

"አንቺ የምትለብሺው ነገን ብቻ ነው" አሉኝ፣ ወገቤን እየለኩ። "እሷ ገና ብዙ ቀን አላት።"